የሞቱት ተቆጠሩ፤ ጀልባዎቹንስ ማን ቆጠራቸው?

ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት ባሕር ማዶ በቆየንባቸው ዓመታት፣ እንሠራበት ከነበረው ቤተ ሙከራ ግድግዳ ላይ ከጋዜጣ የተቆረጠ አንድ ሠንጠረዥ ተለጥፎ ነበር። ሠንጠረዡ የአሜሪካን ግዛቶች በመዝናኛ ጀልባ አደጋ «እጅግ አደገኛ» ከሚባለው ጀምሮ «እጅግ አስተማማኝ» እስከሚባለው ድረስ በተራ የደረደረ ነው። ከጎኑ ደግሞ የቀጣዩ ዓመት ሠንጠረዥ ተለጥፏል። አማካሪያችን አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር ወደዚያ ግድግዳ ይወስዱና «ከዚህ ምን ትረዳለህ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። እኛም ተራችን ሲደርስ ሳናመነታ መለስን፤ «በዚህኛው ግዛት ጀልባ ላይ መውጣት ያስፈራል፤ በዚያኛው ግን አያስፈራም» አልን። አማካሪያችን ፈገግ ብለው ጣታቸውን ወደ ሁለተኛው ሠንጠረዥ አዞሩ። አምና ከመጨረሻው ረድፍ የነበረው ትንሽ ግዛት ዘንድሮ ከአናት ተቀምጧል። «ታዲያ በአንድ ዓመት ውስጥ የተለወጠው ሐይቁ ነው ወይስ ሰዉ?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ቀኑን ሙሉ የጨረር ቅንጣቶችን ስንቆጥር የምንውል፣ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የስህተቱን ልክ መጻፍ ግዴታችን መሆኑን የምናውቅ ሰዎች፣ ጋዜጣ ስናነብ ግን ያን ሁሉ ትምህርት ከቤተ ሙከራው በር ላይ ጥለነው እንደምንወጣ የገባን ያን ዕለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንከራከረውም ስለዚሁ ነው። ቁጥር ያለ አቆጣጠሩ፣ ያለ ታህቱና ያለ መዋዠቂያ ልኩ ሲቀርብ ከእውቀት ይልቅ ወደ ስህተት ያደርሳል እንላለን።

ውድ አንባቢ «የአሜሪካ የመዝናኛ ጀልባ ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ አኃዙ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በሥርዓት ሲሰበሰብና ለሕዝብ ሲገለጽ የኖረ ነው። ሁለተኛ፣ እንዲህ በጥንቃቄ የተሰበሰበ አኃዝ እንኳ በቀላሉ በስህተት የሚነበብ ከሆነ፣ እንደነገሩ የተሰበሰበው እንዴት ሊነበብ ነው የሚለውን ጥያቄ ስለሚያስነሳ ነው። ወደ አገራችን ጉዳይ በመጨረሻ እንመለሳለን።

አደጋ የሚባለው ምንድን ነው?

በአሜሪካ የመዝናኛ ጀልባን ደኅንነት የሚመለከተው ዋና ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ የየግዛቱን ሪፖርት አጠናቅሮ በየዓመቱ የሚያወጣው የአገሪቱ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ኃይል ወይም በተለምዶ ኮስት ጋርድ የሚባለው ተቋም ነው። በፌዴራሉ ደንብ መሠረት አንድ አደጋ ሪፖርት የሚደረገው ሰው ሲሞት፣ ሰው ሲጠፋ፣ ከመጀመሪያ ዕርዳታ ያለፈ ሕክምና የሚያስፈልገው ጉዳት ሲደርስ፣ ወይም የንብረት ጉዳቱ 2,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ሲሆን ወይም ጀልባው ጨርሶ ሲወድም ነው። በዚህ አቆጣጠር በ2023 በመላ አገሪቱ 3,844 አደጋዎች፣ 2,126 ቁስለኞችና 564 ሟቾች ተመዝግበዋል።

እነዚህ ሦስት ቁጥሮች በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ቢታተሙም እኩል የሚታመኑ አይደሉም። ሞት የሚሸሸግ ነገር አይደለም፤ ፖሊስም፣ ሐኪምም፣ ቤተሰብም ያውቀዋል። ጉዳት ግን ሪፖርት የሚደረገው ተጎጂው ወደ ሐኪም ከሄደና የጀልባው ነጂ ቅጹን ከሞላ ነው። የንብረት ጉዳት ደግሞ በዋጋ የሚለካ ነው። ሁለት ጀልባዎች በእኩል ፍጥነት ከአንድ ዓይነት ዐለት ጋር ቢጋጩ፣ ውዱ ጀልባ «አደጋ ደረሰበት» ተብሎ ሲመዘገብ ርካሹ ከነጭራሹ ላይቆጠር ይችላል። የፊዚክሱ ኩነት አንድ ሆኖ ሳለ የመዝገቡ ኩነት ሁለት ሆነ ማለት ነው።

በዚህ ላይ የ2,000 ዶላሩ ልክ ከ2001 ጀምሮ ሲሠራበት የቆየ ነው። የጥገና ዋጋ በየዓመቱ ሲንር፣ ያን ጊዜ ከልኩ በታች የነበረው ጭረት ዛሬ ከልኩ በላይ ይሆናል። በየዓመቱ በሚያጥር ሜትር ቁመቱን የሚለካ ሰው አደግሁ ቢል አይደንቅም። አንዳንድ ግዛቶችም በራሳቸው ሕግ ከፌዴራሉ ያነሰ ልክ አስቀምጠው ሲሠሩ ቆይተዋል። እንግዲህ የአደጋ ሪፖርት የበዛበት ግዛት የግድ አደገኛ ግዛት ነው ማለት አይቻልም፤ ምናልባት ፖሊሱ ትጉህ፣ ጀልባው ውድ፣ ሕጉም ጥብቅ የሆነበት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ግዛትን ከግዛት ለማነጻጸር ከሁሉ የሚሻለው የሟቾች ቁጥር ነው የምንለው። ይሁን እንጂ እሱም ብቻውን አይበቃም።

ላዕሉና ታህቱ

በክፍልፋይ ትምህርት ከመስመሩ በላይ ያለው ላዕል፣ ከመስመሩ በታች ያለው ታህት እንደሚባል ሁላችንም በልጅነታችን ተምረናል። በጋዜጣ ላይ ግን ላዕሉ በትልልቅ ፊደል ሲጻፍ ታህቱ ብዙ ጊዜ ይረሳል። በ2022 በፍሎሪዳ፣ የግዛቷ የዓሣና የዱር እንስሳት ጥበቃ ኮሚሽን እንደዘገበው፣ 735 አደጋዎች ደርሰው 65 ሰዎች ሞተዋል። ይህን ብቻ ያነበበ ሰው «ፍሎሪዳ የጀልባ መቃብር ናት» ይላል። ነገር ግን በፍሎሪዳ ከ1 ሚሊዮን በላይ ጀልባዎች ተመዝግበዋል፤ በዚህ ረገድ ከአገሪቱ የሚቀድማት የለም። ስለሆነም የሞት ልኳ በ100,000 ጀልባ ከ6.5 አይበልጥም። በዚያው ዓመት የመላ አገሪቱ ልክ 5.4 ነበር። ያን ያህል ያስፈራ የነበረው ልዩነት ሲካፈል ምን ያህል እንደጠበበ ልብ ይሏል።

ታህቱን መጻፍ ግን ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ታህቱ ራሱ ምን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ግዛቶች ባለ ሞተር ጀልባን ሁሉ በአንድ ዓይነት ደንብ ቢመዘግቡም፣ በመቅዘፊያ የሚሄዱትን ካኑና ካያክ በሚመለከት ግን የተለያየ አሠራር አላቸው። ኦሃዮና ሚኒሶታ፣ ከጥቂት ልዩነቶች በቀር፣ እነዚህንም ያስመዘግባሉ፤ ብዙዎቹ ግዛቶች አያስመዘግቡም። ከካያክ ወድቆ የሚሞት ሰው ግን በየትኛውም ግዛት ከላዕሉ ይገባል።

ይህ ምን እንደሚያስከትል በምናብ ምሳሌ እንመልከት። ሁለት ፍጹም አንድ ዓይነት ግዛቶች አሉ እንበል። በእያንዳንዳቸው 100,000 ባለ ሞተር ጀልባዎችና 50,000 ካያኮች አሉ፤ በእያንዳንዳቸውም በዓመት 9 ሰዎች ይሞታሉ። ካያክ የሚያስመዘግበው ግዛት 9ን ለ150,000 አካፍሎ በ100,000 ጀልባ 6 ሞት ሲያገኝ፣ የማያስመዘግበው 9ን ለ100,000 አካፍሎ 9 ያገኛል። በውሃው ላይ ምንም ልዩነት ሳይኖር በወረቀቱ ላይ የአንድ ተኩል እጥፍ ልዩነት ተፈጠረ።

ከዚህም ሌላ ጀልባ መቆጠሩ ስለ አጠቃቀሙ ምንም አይነግረንም። የሚኒሶታ ሐይቆች በክረምት በበረዶ ስለሚሸፈኑ ጀልባው ለወራት በቤቱ ይቀመጣል፤ በፍሎሪዳ ግን ዓመቱን ሙሉ ውሃ ላይ ነው። በአሪዞናና በካሊፎርኒያ መካከል ባለው በሃቫሱ ሐይቅ የሚዝናኑት ብዙዎቹ ከካሊፎርኒያ የሚመጡ ናቸው። አደጋው የሚጻፈው በደረሰበት ግዛት፣ ጀልባው የሚቆጠረው በተመዘገበበት ግዛት ስለሆነ፣ ላዕሉና ታህቱ የተለያየ አገር ሰዎች ሆነው በአንድ ክፍልፋይ ይገናኛሉ። ትክክለኛው ታህት ሰዎች በውሃ ላይ ያሳለፉት ሰዓት ነው። እሱን ለማግኘት ደግሞ በ2018 እንደተደረገው ሰፊ የናሙና ጥናት ያስፈልጋል፤ ይህም ውድ ስለሆነ በየዓመቱ አይደረግም።

የ2020 ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። በ2019 613 ሰዎች ሞተው ነበር፤ ወረርሽኙ በገባበት በ2020 ግን ቁጥሩ ወደ 767 ዘለለ፤ ልኩም ከ5.2 ወደ 6.5 ወጣ። የተመዘገቡት ጀልባዎች ብዛት ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው ሌላው መዝናኛ የተዘጋበት ሕዝብ ወደ ውሃው መጉረፉ ነው። በምዝገባ ብቻ የተካፈለ ልክ «ጀልባ አደገኛ ሆነ» ሲለን፣ የውሃ ላይ ሰዓቱ ቢታወቅ ኖሮ ምናልባት «ጀልባ ላይ የዋለው ሰው በዛ» ይለን ነበር።

የጥቂት ቁጥር ጠባይ

አሁን አማካሪያችን ወደ ጠየቁን ጥያቄ እንመለስ። ትንሹ ግዛት በአንድ ዓመት ከታች ወደ ላይ የዘለለው ለምንድን ነው?

በ1898 ላዲስላውስ ቦርትኬቪች የተባለው የስታቲስቲክስ ሊቅ በፕሩሲያ ፈረሰኛ ጦር በፈረስ ርግጫ የሞቱ ወታደሮችን መዝገብ አሳትሞ ነበር። የ10 ክፍለ ጦሮችን የ20 ዓመት መዝገብ ስንወስድ 200 የክፍለ ጦር ዓመታት እናገኛለን፤ በጠቅላላው የሞቱት 122 ናቸው። በ109 ዓመታት አንድም ሰው አልሞተም፤ በ65ቱ አንድ፣ በ22ቱ ሁለት፣ በ3ቱ ሦስት፣ በአንዱ ደግሞ አራት ሰዎች ሞተዋል። አራት ሰው የሞተበት ክፍለ ጦር አዛዥ በዚያ ዓመት ምን ያህል ተወቅሶ ሊሆን እንደሚችል አስቡት! ነገር ግን ፈረሱም ሰዉም በሁሉም ዘንድ እኩል ነው ብለን በፖይሰን ቀመር ብናሰላ የምናገኘው 108.7፣ 66.3፣ 20.2፣ 4.1 እና 0.6 ነው። መዝገቡ ከቀመሩ ጋር የገጠመው ያለ ማንም ጥፋትና ያለ ማንም ትጋት፣ በዕድል መዋዠቅ ብቻ ነው። በቤተ ሙከራችን የጋይገር ቆጣሪው የሚጮኸውም በዚሁ ሕግ ነው።

ሕጉ የሚነግረን ቀላል ነው። እርስ በርሳቸው ያልተያያዙ አልፎ አልፎ የሚከሰቱ ኩነቶች ብዛት አማካይ N ከሆነ፣ መዋዠቂያ ልኩ የN ስኩዌር ሩት ነው። 1 ሚሊዮን ጀልባ ባለበት ግዛት በዓመት 50 ሰው ይሞታል ተብሎ ቢጠበቅ መዋዠቂያው 7 ያህል ነው፤ ልኩም አብዛኛውን ጊዜ ከ4.3 እስከ 5.7 ባለው ውስጥ ይውላል። 20,000 ጀልባ ብቻ ባለው ግዛት ግን፣ አደጋው ፍጹም እኩል ቢሆን እንኳ፣ የሚጠበቀው አንድ ሞት ነው። ከመቶ 37 ያህል ዕድል ማንም አይሞትም፤ ልኩም ዜሮ ይሆናል። ከመቶ 18 ያህል ዕድል ሁለት ይሞታሉ፤ ልኩ 10 ይሆናል። ከመቶ 8 ያህል ዕድል ደግሞ ሦስትና ከዚያ በላይ ይሞታሉ፤ ልኩ 15ና ከዚያ በላይ ይሆናል። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ግዛቶች አሥራ ሁለት ቢኖሩ፣ በየዓመቱ አራቱ ወይም አምስቱ «ከአገሪቱ እጅግ አስተማማኝ» ተብለው ሲመሰገኑ አንዱ «እጅግ አደገኛ» ተብሎ ይወቀሳል። ከሠንጠረዡ አናትና ግርጌ ሁልጊዜ ትንንሾቹ የሚገኙት ለዚህ ነው።

ይህን በክፍላችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ስድስት ወረቀት ጠቅልላችሁ በአንዱ ላይ ብቻ ምልክት አድርጉ። አሥራ ሁለት ተማሪዎች እያንዳንዳቸው ስድስት ጊዜ ዕጣ ያውጡ፤ ያወጡትን እየመለሱና እየቀላቀሉ ይቀጥሉ። ከዚያም «ግዛቶቹን» በምልክቱ ብዛት ደርድሩ። በማግሥቱ እንደገና ሞክሩት። አንደኛ የወጣውን ተማሪ ለምን አንደኛ እንደወጣ የሚያስረዳ ዘገባ ጻፍ ብትሉት ምን ሊጽፍ እንደሚችል አስቡ።

በዚሁ መሣሪያ ከላይ ያየናቸውን ቁጥሮች እንመዝን። የፍሎሪዳ 65 ሟቾች መዋዠቂያ 8 ያህል ነው፤ በልኩ ሲገለጽ 0.8 ይሆናል። ስለዚህ 6.5 እንኳ ቢሆን ከ5.4 የሚለየው በአንድ ተኩል መዋዠቂያ እንኳ አይሞላም፤ በዚህ ብቻ ፍሎሪዳን መኮነን አይቻልም። በ2023 የነበረው 564 ሞት በ2024 ወደ 556 ወረደ፤ የስምንት ሰው ልዩነት ነው። የሁለቱ ልዩነት መዋዠቂያ ግን 33 ያህል ስለሆነ ይህ ለብቻው መሻሻልንም መባባስንም አያሳይም። ከ2019 ወደ 2020 የታየው የ154 ልዩነት ግን ከመዋዠቂያው አራት እጥፍ ያልፋል፤ ይህን ዕድል ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። እንግዲህ የስህተት ልክ ሁሉን ነገር ለመጠራጠር የተሰጠን ሰበብ አይደለም፤ የትኛውን መጠራጠር፣ የትኛውን ማመን እንዳለብን የሚለይልን ወንፊት ነው።

ለትንንሾቹ ግዛቶችም መፍትሔ አለ፤ እሱም ትዕግሥት ነው። የ25 ዓመት መዝገብ ቢደመር አንጻራዊው መዋዠቅ በአምስት እጥፍ ይቀንሳል። በአላስካ ብዙ ዓመታት ተደምረው ሲታዩ የሞት ልኩ ከአገሪቱ አማካይ በጉልህ ከፍ ያለ ነው፤ ምክንያቱም በፊዚክስ ይገለጻል። ውሃ ሙቀትን የማስተላለፍ ብቃቱ ከአየር 25 እጥፍ ገደማ ነው። በረዶ ሊሆን በተቃረበ ውሃ ውስጥ በድንገት የወደቀ ሰው መጀመሪያ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ በደቂቃዎች ውስጥ እጅና እግሩ መታዘዝ ያቆማል። ጎበዝ ዋናተኛ መሆንም ብዙ አያድንም። በዚህ ምክንያት በ1996 በሆመር ከተማ፣ ልጆች ተውሰው የሚለብሱት የሕይወት አድን ጃኬት በወደቡ ላይ እንዲሰቀል ተደረገ፤ አሠራሩም ወደ ሌሎች የአላስካ ሥፍራዎች ተስፋፋ። ትክክለኛ ንባብ ወደ ትክክለኛ ሥራ የሚመራው እንዲህ ነው።

የ87 በመቶው ወጥመድ

አንድ የመጨረሻ ምሳሌ እንጨምር። በ2023 የሞቱበት ምክንያት ከታወቀው ሟቾች 75 በመቶው የሞቱት ሰምጠው ነው፤ ከሰመጡትም 87 በመቶው የሕይወት አድን ጃኬት አልለበሱም ነበር። ይህ አኃዝ ጃኬቱ ሕይወት ያድናል ለሚለው ምክር ማስረጃ ሆኖ ሁልጊዜ ይጠቀሳል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ማስረጃው ግን ብቻውን ጎደሎ ነው። በሞተር ጀልባ ከሚሳፈሩ አዋቂዎች ጃኬት የሚለብሱት ጥቂቶች ናቸው። ከተሳፋሪዎች መካከል 87 በመቶው የማይለብስ ቢሆንና ከሰማጮቹም 87 በመቶው ያልለበሰ ቢሆን፣ ጃኬቱ ምንም አልጠቀመም የሚል ተቃራኒ መደምደሚያ ላይ በደረስን ነበር! እዚህም የጎደለው ታህቱ ነው።

ጥያቄውን በትክክል የጠየቀ ጥናት በ2011 ታትሟል። ተመራማሪዎቹ ያነጻጸሩት በአንድ ጀልባ ላይ አብረው የነበሩ ሰዎችን ነው፤ ጃኬት የለበሰውንና ያልለበሰውን። ውሃው አንድ ነው፤ ቅዝቃዜው አንድ ነው፤ ነጂውም ግጭቱም አንድ ነው። በዚህ መንገድ የለበሱት የመስጠም አደጋ ካልለበሱት በግማሽ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። አርኪሜደስም በዚህ ይስማማል፤ የሰው አካል ከውሃ እምብዛም ስለማይከብድ ጭንቅላቱን ከውሃ በላይ ለማቆየት ከ3 እስከ 5 ኪሎ ግራም የሚሆን ተጨማሪ የመንሳፈፍ ግፊት ይበቃዋል። ሐይቅ ላይ የምትወጡ ሁሉ ጃኬቱን ልበሱ፤ የምትለብሱበትን ምክንያት ግን በትክክለኛው ማስረጃ እወቁት።

ወደ ቤታችን

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ይባላል። እኛም አገሮችን በደረጃ የሚደረድር ሠንጠረዥ ባየን ቁጥር መጀመሪያ የምንፈልገው የአገራችንን ስም ነው፤ ቀጥለንም እንደ ደረጃው እንኮራለን ወይም እናፍራለን። የመንገድ አደጋን እንውሰድ። ሟቾችን ለተሽከርካሪ ብዛት ማካፈል የተለመደ ነው። ተሽከርካሪ ጥቂት፣ እግረኛና ተሳፋሪ ብዙ በሆነበት አገር ይህ ልክ እጅግ ከፍ ይላል፤ ለሕዝብ ብዛት ሲካፈል ደግሞ ሌላ ሥዕል ይሰጣል። የሁለቱም ስሌት ትክክል ነው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ለየቅል ነው።

ከዚህም የሚብሰው የላዕሉ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው ሪፖርት ኢትዮጵያ ያሳወቀችው የመንገድ ሟቾች ቁጥር ከ4 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፣ ድርጅቱ ለ2016 የገመተው ግን 27 ሺህ ገደማ ነው። በሁለቱ መካከል ስድስት እጥፍ ልዩነት አለ። ግምቱ ትክክል ነው ወይም መዝገቡ ትክክል ነው ብለን እዚህ ልንፈርድ አንችልም። ነገር ግን ይህ የስኩዌር ሩት መዋዠቅ አይደለም፤ የአቆጣጠር ልዩነት ነው። ከአደጋው ቀናት በኋላ በሐኪም ቤት ያረፈ ሰው በማን መዝገብ ይገባል? በገጠር መንገድ ዳር ወድቆ የቀረውስ? በጣና ላይ ከሚቀዝፉት የደንገል ታንኳዎች አንዱ ቢገለበጥ ላዕሉን ማን ይጽፈዋል? ታህቱስ ከየት ይመጣል?

እኛ እንደምናምነው መቁጠር የመጀመሪያው የሳይንስ ሥራ ነው፤ ለሙታን የምንከፍለው የመጀመሪያው አክብሮትም እሱ ነው። ስለሆነም የቁጥር ስህተትና የመዋዠቂያ ልክ ትምህርት ለፊዚክስ ተማሪ ቤተ ሙከራ ብቻ ተትቶ መቅረት የለበትም፤ ጋዜጠኛውም፣ የሕግ ተማሪውም፣ የጤና ባለሙያውም ሊማረው ይገባል። እስከዚያው ግን እናንተ ተማሪዎቻችን ማንኛውም ሠንጠረዥ ሲቀርብላችሁ ሦስት ጥያቄዎችን ጠይቁ፦ ምን ተቆጠረ? ለምን ተካፈለ? ሳይታሰብ ቢዋዥቅ በምን ያህል ይዋዥቃል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ሠንጠረዥ ማንንም ሊያስመሰግን ወይም ሊያስወቅስ አይገባም።

አማካሪያችን ከዓመታት በኋላ ጡረታ ሲወጡ ሁለቱ ሠንጠረዦች ወረቀታቸው ቢጫ ሆኖ አሁንም ከግድግዳው ላይ ነበሩ። በመካከላቸው ግን አንዱ ተማሪ በእርሳስ የN ስኩዌር ሩትን ጽፎበት ነበር።